ፎርድ ማስታንግ በነዳጅ ቁጠባ ዘመን፦ ገበያ፣ ሕግና ምህንድስና

መግቢያ

በ1970ዎቹ የአሜሪካ የስፖርት መኪና የደረሰበት ለውጥ ብዙ ጊዜ በአንድ አጭር ትረካ ይጠቃለላል፤ ይኸውም የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች በ1973 የጣሉት ማዕቀብ የቤንዚን ዋጋ አናረ፣ ኃይለኛ ሞተሮችም በዚያው ጠፉ የሚል ነው። ትረካው ለማስታወስ ይቀላል፤ የክንውኖቹን ቅደም ተከተል ሲመረምሩት ግን አይጸናም። ይህ ጽሑፍ ፎርድ ማስታንግ እስከ 1986 ያለፈበትን ለውጥ በመከተል፣ ገበያ፣ የአየር ብክለት ሕግና የነዳጅ ቁጠባ ደንብ ለየብቻ መታየት ያለባቸው ሦስት ምክንያቶች መሆናቸውን ያስረዳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማዕቀቡ በፊት

ማስታንግ በኤፕሪል 1964 ለገበያ ሲቀርብ፣ «ፋልከን» ከተባለው አነስተኛ የቤተሰብ መኪና በተወሰዱ ክፍሎች የተገነባ፣ ቀላልና ዋጋው ተመጣጣኝ የሆነ መኪና ነበር። በመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ወራት ከ400,000 በላይ ተሸጠ። በኋላ ግን ትልልቅ ሞተሮችን ለመሸከም ሲባል እየሰፋና እየከበደ ሄደ፤ በ1972 ሽያጩ ወደ 125,000 ገደማ አሽቆለቆለ። ገበያው መኪናውን መተው የጀመረው ቤንዚን ከመወደዱ በፊት ነበር ማለት ነው።

የሞተር ኃይልም ቢሆን ማዕቀቡን አልጠበቀም። የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ ከመኪና ጭስ የሚወጡት ሃይድሮካርቦንና ካርቦን ሞኖክሳይድ በ90 በመቶ እንዲቀነሱ ደነገገ። ፋብሪካዎች ለዚህና እርሳስ ለሌለበት ቤንዚን ሲዘጋጁ፣ አየርና ነዳጅ በሲሊንደር ውስጥ የሚታመቅበትን መጠን ዝቅ አደረጉ፤ ይህም ጉልበትን ይቀንሳል። ከዚህ በተጨማሪ በ1972 የፈረስ ጉልበት አለካክ ተለወጠ። ቀድሞ ሞተሩ ጉልበት የሚሻሙት ተጓዳኝ መሣሪያዎች ሳይገጠሙለት ይለካ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በመኪናው ላይ እንደሚሠራበት ሁኔታ ተሟልቶ ይለካ ጀመር። ስለዚህ በዘመኑ ሰነዶች ከሚታየው ቅናሽ ከፊሉ የሞተሩ ሳይሆን የመለኪያው ነው። የሁለቱን ወቅቶች አኃዝ እንዳለ የሚያነጻጽር ጥናት ውድቀቱን ከእውነተኛው በላይ አግንኖ ያያል።

በፎርድ ፕሬዚዳንት በሊ አያኮካ ግፊት የተሠራው ማስታንግ 2 ለሽያጭ የቀረበው በሴፕቴምበር 1973 ሲሆን፣ ማዕቀቡ የታወጀው በኦክቶበር ነው። አዲስ መኪና ነድፎ ለማምረት ዓመታት ስለሚወስድ፣ ማስታንግ 2 ለማዕቀቡ የተሰጠ ምላሽ ሊሆን አይችልም። ከትንሹ «ፒንቶ» ብዙ ክፍሎችን የተዋሰው ይህ መኪና በመጀመሪያ ዓመቱ ባለ አራትና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ብቻ ነበረው፤ ባለ ስድስቱ 105 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ሆኖም በ1974 ሞዴል ከ385,000 በላይ ተሸጠ። ማዕቀቡ መኪናውን አልወለደውም፤ ተፈላጊነቱን ግን አበረታው። ማስታንግ 2 ከ1964ቱ ማስታንግ ቢያጥርም ክብደቱ ከዚያ አለማነሱ ደግሞ፣ መጠንን መቀነስ ብቻውን ቁጠባን እንደማያስገኝ ያመለክታል።

የአማካዩ ስሌት

የነዳጅ ቁጠባ ደንብ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዲሴምበር 1975 የጸደቀው ሕግ፣ የአንድ ፋብሪካ መኪኖች በአማካይ በአንድ ጋሎን በ1978 ሞዴል 18 ማይል፣ በ1985 ሞዴል ደግሞ 27.5 ማይል እንዲሄዱ አስገደደ። ሕጉ እያንዳንዱን መኪና ሳይሆን የፋብሪካውን የዓመት ምርት አማካይ ይመለከታል፤ አማካዩም ተራ አማካይ አይደለም። አንዱ መኪና በጋሎን 14 ማይል፣ ሌላው 30 ማይል ቢሄዱ ተራው አማካይ 22 ነው። ሁለቱ እኩል ርቀት ሲጓዙ የሚፈጁት ነዳጅ ተደምሮ ሲሰላ ግን ውጤቱ 19 ያህል ይሆናል። ነዳጅ አብዝቶ የሚፈጅ መኪና በስሌቱ ውስጥ የሚያሳድረው ጫና ከቁጥሩ በላይ ነው። ደንቡን ያላሟላ ፋብሪካ በጎደለው በያንዳንዱ የማይል አንድ አሥረኛ፣ በዓመቱ ላመረተው በያንዳንዱ መኪና 5 ዶላር እንዲቀጣ ተደነገገ።

ስለሆነም ሕጉ ስምንት ሲሊንደር ያለውን ሞተር አልከለከለም፤ ኃይለኛው መኪና እንዲቀጥል ግን በርካታ ቆጣቢ መኪኖች እንዲያካክሱለት አስፈለገ።

ኃይል የተመለሰበት መንገድ

በ1979 ማስታንግ ከቤተሰብ መኪናው «ፌርሞንት» ጋር በሚጋራው «ፎክስ» በተባለው መዋቅር ላይ ተሠራ፤ ቱርቦ የተገጠመለት ባለ 2.3 ሊትር ሞተርም በአማራጭነት ቀረበ። በ1980 ትልቁ ሞተር ከ4.9 ወደ 4.2 ሊትር ሲቀነስ ጉልበቱ 120 ገደማ ብቻ ሆነ። በ1982 ባለ 4.9 ሊትሩ በ157 የፈረስ ጉልበት ተመለሰ፤ በ1986 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ ታግዞ 200 ደረሰ።

የዚህ ሥርዓት ፋይዳ በአሠራሩ ይታያል። በጭስ መውጫው ላይ ያለ መሣሪያ የተረፈውን ኦክስጅን ይለካል፤ ኮምፒዩተሩም የሚረጨውን ቤንዚን በዚያው መሠረት ያስተካክላል። ይህም ጭስን የማጽዳትና ነዳጅን በልክ የማቃጠል ሥራን ያስታርቃል። ይሁን እንጂ ለኃይል መመለስ ቴክኖሎጂው ብቻውን ምክንያት አይደለም፤ በ1986 የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ወድቋል፣ የዚያ ዓመት መስፈርትም ወደ 26 ማይል ዝቅ ተደርጓል።

ማጠቃለያ

የማስታንግ ታሪክ እንደሚያሳየው ገበያው መኪናውን አሳነሰ፣ የብክለት ሕጉ ሞተሩን አዳከመ፣ የቁጠባው ደንብ ደግሞ ኃይል በፋብሪካ ደረጃ ዋጋ እንዲኖረው አደረገ። ሦስቱ በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ መገጣጠማቸው አንድ ምክንያት አስመስሏቸዋል። የደንብን ውጤት የሚመዝን ተመራማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ሊያጣራ ይገባል፦ ለውጡ ከደንቡ በፊት ጀምሮ እንደሆነ፣ መለኪያውም በመካከል ተለውጦ እንደሆነ።