ዘጠኝ ጂ የሚሸከም አንገት

ከቦሌ የተነሳ የመንገደኞች አውሮፕላን 30 ዲግሪ አዘንብሎ ሲዞር ክብደታችን በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አብራሪዎቹ 1.15 ጂ ይሉታል። ቡናው ከስኒው አይፈስም። አውሮፕላኑ ራሱ የተሠራው 2.5 ጂ እንዲችል ሆኖ ነው።

በአቃቂና በዱከም በኩል 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይሉ ከሚገኝበት ከተማ ሲደርሱ ሒሳቡ ይለወጣል። በ1969 ዓ.ም. በተጀመረው የኦጋዴን ጦርነት የተዋጉት ኤፍ-5 ጄቶች ከ7 ጂ በላይ ይችላሉ፤ በ1991 ዓ.ም. የመጡት ሱኮይ-27ዎች ደግሞ እስከ 9።

የአብራሪው ጭንቅላት ከነሄልሜቱና ከነኦክስጅን ጭምብሉ 7 ኪሎ ቢመዝን፣ በ9 ጂ 63 ኪሎ ይሆናል። ከግማሽ ኩንታል የበለጠ ጤፍ አናት ላይ ጭኖ ወደ ኋላ እንደመዞር ነው። ተዋጊ ደግሞ ጠላት ከኋላው መምጣቱን ለማየት መዞሩ አይቀርም። ጉዳቱም ያኔ ይመጣል። በተጠማዘዘ አንገት ላይ ክብደቱ ሲያርፍ ዲስክ ተገፍቶ ከአጠገቡ የሚወጣውን ነርቭ ይጫናል፤ ወይም ትከሻ ወደ ታች፣ ጭንቅላት ወደ ሌላው ጎን ሲሳቡ ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ይለጠጣሉ። ከሞተር ሳይክል ወድቆ ትከሻው መሬት የመታበት ሰው ላይም፣ በባሰ መልኩ፣ ይኸው ይታያል።

እግርና ሆድን በአየር የሚያጠብቀው የጂ ልብስ ደም ወደ ታች እንዳይሸሽ፣ አብራሪውም ራሱን እንዳይስት ያግዛል። ለአንገት ግን ምንም አይፈይድም። እንዲያውም ሳያብሰው አልቀረም እላለሁ፤ ራሱን ያልሳተ አብራሪ ከፍተኛውን ጂ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይበታል፣ ሸክሙ ደግሞ የአንገቱ ነው።

ሐኪም ፊት ሲቀርብ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «የትኛው ጣትዎ ነው የሚደነዝዝዎት?» የሚል ነው። አውራ ጣት ከሆነ 6ኛው የአንገት ነርቭ፣ መሃል ጣት ከሆነ 7ኛው፣ ትንሿ ጣት ከሆነች 8ኛው ይጠረጠራል። (የአንገት አጥንት 7 ሆኖ ነርቩ 8 ነው፤ ግራ ቢያጋባም እንዲያ ነው።) ቀጥሎ ሐኪሙ እጁን ይዞ እየገታው አብራሪው ክርኑን እንዲዘረጋ ይጠየቃል። አንዱ ክንድ ቶሎ ከተሸነፈ ኤምአርአይ ይታዘዛል።

አብዛኛው በዕረፍትና በፊዚዮቴራፒ በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ውስጡ የተበጠሰ ነርቭ ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያድገው፤ ከአንገት እስከ ጣት ለመድረስ ሁለት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። የእጁ ጉልበት እስኪመለስ ደግሞ ተዋጊ ጄት ላይ አይወጣም።