ውሻው ሲያሳክከው ወለሉም ይታይ

በሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ለጥበቃ ውሻ ያሳደጋችሁ እናቶችና ሠራተኞች ሆይ! ውሻችሁ የጅራቱን ሥር እየነከሰ ፀጉሩ ከረገፈ፣ እከክ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ብዙውን ጊዜ መንስኤው የቁንጫ ምራቅ ነው፤ ምራቁ የማይስማማውን ውሻ ጥቂት ንክሻ እንኳ ለቀናት ያሳክከዋል።

ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት ቢሏችሁ አትስሙ፤ ቆዳውን ያቆስላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል።

ቁንጫ የሚራባው በውሻው ላይ ብቻ አይደለም። እንቁላሉ ወደ መሬት ይረግፋል፤ ከእርሱ የሚፈለፈለውም ትል በወለል ስንጥቅና በአቧራ ውስጥ ያድጋል። ስለዚህ ወለሉን በየቀኑ ጥረጉ፤ የሚተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ እጠቡ፤ መድኃኒቱንም የእንስሳት ሐኪም ይዘዝላችሁ።

ሕፃን ሳያውቅ ቁንጫ ቢውጥ የውሻ ኮሶ ትል ሊይዘው ይችላል። ውሻውን ማከም ልጅንም መጠበቅ ነው።