ለበጎ አድራጎት የሚደረግ የጎልፍ ውድድርና አካላቸው የተጎዳ ተጫዋቾች

ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ በአገራችን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል እንናገራለን። በዱላ ኳስ የሚመታበት ስለ ሆነ ከገና ጨዋታ ጋራ የሚመሳሰልበት መንገድ አለው። ነገር ግን የገና ተጫዋች ከባላጋራው ጋራ እየተጋፋ ሩሯን ሲሻማ፥ የጎልፍ ተጫዋች የራሱን ትንሽ ኳስ በጸጥታ እየመታ በሰፊ መስክ ላይ ወደ ተቈፈሩት 18 ጉድጓዶች በየተራ ያገባል፤ በጥቂት ምት የጨረሰም አሸናፊ ይሆናል።

ጨዋታው ሊመሰገን የሚገባው አንድ ደንብ አለው። ደካማው ከብርቱው ጋራ ሲጋጠም በድካሙ መጠን ከምቱ ቍጥር ይቀነስለታል፤ ይህንም ሀንዲካፕ ይሉታል። 20 ምት የሚቀነስለት ሰው መስኩን በ92 ምት ቢጨርስ 72 ተብሎ ይቈጠርለታል ማለት ነው። በ2020 (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በወጣው የዓለም ደንብ የሀንዲካፕ ትልቁ ልክ 54 ነው። ይኸው ቃል በእንግሊዝኛ የአካል ጉዳትን ለመጥራት ሲነገርበት የኖረ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ብዙዎች ለሰው መጠሪያ ሊያደርጉት አይወዱም፤ በጎልፍ መስክ ላይ ግን የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ብርቱውና ደካማው አብረው እንዲጫወቱ የሚያደርግ የሒሳብ ብልሃት ነው።

በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለመሰብሰብ ሲፈለግ የጎልፍ ውድድር ማዘጋጀት የተለመደ ሆኗል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ተጫዋቾች አራት አራት ሆነው ይሰለፋሉ፤ ለመግቢያም ይከፍላሉ። ነጋዴዎችና ኩባንያዎች በየጉድጓዱ አጠገብ ስማቸው እንዲጻፍላቸው ገንዘብ ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜም አራቱ ሁሉ ይመቱና ከኳሶቹ አንዱ፥ ከሁሉ ይልቅ በደህና ስፍራ የወደቀው፥ ተመርጦ ሁሉም ከዚያ ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ጀማሪው አያፍርም። በአንድ ምት ከጉድጓድ ላገባ ሰው አውቶሞቢል እንሰጣለን የሚሉም አሉ፤ አዘጋጆቹም አስቀድመው ለኢንሹራንስ ኩባንያ ጥቂት ገንዘብ ከፍለዋልና አንድ ዕድለኛ ቢያገባ የአውቶሞቢሉን ዋጋ የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ማታ እራትና የዕቃ ጨረታ ይሆናል። ከወጪ የተረፈውም ለሰው ሠራሽ እግር፥ ለስፖርት ለተሠራ ባለ መንኰራኵር ወንበር፥ ለስፖርተኞችም የመንገድ ስንቅ ይውላል። እነዚህ ነገሮች ዋጋቸው ከባድ ስለ ሆነ ገንዘቡን የምናቃልል አይደለንም።

ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ውድድሩ የተደረገለት ሰው በዚያ ቀን ስፍራው ወዴት ነው? በእራት ጊዜ ተጠርቶ ጥቂት ከተጨበጨበለት በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለስ ከሆነ እንግዳ ሆነ እንጂ ተጫዋች አልሆነም። ዱላውን ይዞ ከሌሎቹ ጋራ ቢሰለፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህም የሚቻል መሆኑን ካሳዩት ሰዎች አንዱ ቻርሊ ቦስዌል የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1916 በአላባማ አገር በበርሚንግሃም ተወለደ፤ በወጣትነቱም በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫዋች ነበረ። በ1944 በጀርመን አገር ሲዋጋ ከሚቃጠል ታንክ ወታደር ለማውጣት ሲጥር ታንኩ ፈነዳና ዓይኖቹ ጠፉ። በፔንሲልቫኒያ በሚገኘው የቫሊ ፎርጅ የጦር ሆስፒታል ሳለ አንድ ባልደረባ የጎልፍ ዱላ አስያዘው። ዓይኑ ሳይጠፋ ጎልፍ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ነበረ። የመጀመሪያው ምት ግን አማረለት፤ ከዚያ ወዲያም አልተወውም። በአሜሪካ የዓይነ ስውራን ጎልፍ ውድድር 16 ጊዜ አሸነፈ። ኋላም በስሙ በሚጠራ ውድድር በተወለደበት ከተማ ላለው የዓይን ሆስፒታል ገንዘብ እንዲሰበሰብ አደረገ፤ ይህ ሰው ሲረዱት ከነበሩት ወገን ወደ ረጂዎቹ ወገን ተሻገረ ማለት ነው። ከእርሱ በፊትም የሚኒሶታው ክሊንት ራስል በ1924 የአውቶሞቢል ጎማ ፊቱ ላይ ፈንድቶ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ፥ በ1930 18ቱን ጉድጓዶች በ84 ምት ጨርሷል። ይህ ዓይን ላለው ሰው እንኳ የሚያስመካ ቍጥር ነው።

ዓይነ ስውር እንዴት አድርጎ ይጫወታል የሚል አንባቢ ይኖራል። አጠገቡ መሪ አለው፤ ብዙ ጊዜም ይህ መሪ ሚስቱ ወይም ባልዋ፥ ወይም የቅርብ ወዳጅ ነው። መሪው ርቀቱን በቃል ይነግራል፤ ነፋሱን፥ ዳገቱንና ዛፉን ያመለክታል፤ ተጫዋቹን ወደ ግቡ አቅንቶ ያቆማል፤ የዱላውንም ራስ ከኳሱ ኋላ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ እጁን ይሰበስባል። የሚመታው ተጫዋቹ ብቻውን ነው፤ ቢስትም የሳተው እርሱ ነው። በአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ሌላው ተጫዋች ከመምታቱ በፊት አሸዋውን በዱላው እንዳይነካ ሲከለከል፥ ለዓይነ ስውሩ ግን ይፈቀድለታል። በ2023 እንዲህ ያለው ሁሉ 25ኛው ደንብ ተብሎ በጨዋታው ዋና ሕግ ውስጥ ገብቷል፤ በቸርነት የሚፈቀድ ነገር መሆኑ ቀርቶ መብት ሆኗል።

ልጃቸው አካሉ የተጎዳባቸው ወላጆች የዚህን መሪ ሥራ ልብ ብለው ቢመለከቱት እንወዳለን። በየቤታችን ያለው ችግር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ልጁን ከሰው ዓይን መሸሸግ ነው፤ ሁለተኛውም ከፍቅር ብዛት የተነሣ ሁሉን ነገር እኛው ሠርተንለት እጁን ሥራ ማስፈታት ነው። ሁለተኛው ፍቅር ስለ ሆነ ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅም።

ዓይነ ስውራን ተጫዋቾች ስለ ራሳቸው የሚያወሩት አንድ ጨዋታ አለ። አንድ ዝነኛ ተጫዋች ዓይነ ስውሩን፥ «በገንዘብ እንወራረድ፤ ስንት ምት ልተውልህ?» አለው። እርሱም፥ «አንድም አልፈልግም፤ እኩል እንጫወት» አለ። «በስንት ሰዓት እንገናኝ?» ቢለው፥ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» ብሎ መለሰ ይላሉ።

በ2022 የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር አካላቸው ለተጎዳ ሰዎች የተለየ ታላቅ ውድድር በፓይንኸርስት ከተማ አቋቋመ፤ 96 ተጫዋቾችም መጡ። አንድ እጅ ያለው፥ በሰው ሠራሽ እግር የቆመ፥ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚመታ፥ ዓይኑ የማያይ፥ ሁሉም እንደየጉዳታቸው ዓይነት ተመድበው ተወዳደሩ።

አካሉ የተጎዳ ሰው ተመልካች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚለው ሐሳብ ከጎልፍ መስክ ውጭም ሲሠራበት የኖረ ነው። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ጀርባቸው ተጎድቶ እግራቸው የማይታዘዝላቸውን ወታደሮች ሲያክም፥ ስፖርትን እንደ መድኃኒት ያዝላቸው ነበር። ሐምሌ 29 ቀን 1948፥ የሎንዶን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፥ 16 ሕመምተኞች በወንበራቸው ተቀምጠው ቀስት ተወዳደሩ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የበቀለው ከዚያ ነው።

ወደዚያው ሆስፒታል በ1969 የሄደ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። በሮማ በ1960 በባዶ እግሩ፥ በቶኪዮም በ1964 ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በአውቶሞቢል አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆነውበት ወራት ያህል በስቶክ ማንደቪል ታከመ። በ1970 በዚያው ሆስፒታል ስም በሚጠራው ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ አካላቸው ለተጎዳ ሰዎች በኖርዌይ ወደ ተደረገው ጨዋታ ተጠርቶ ሄደ። የተጠራውም የክብር እንግዳ ሆኖ እንዲመለከት ነበር። እርሱ ግን ቀስቱንም ቴኒሱንም ተወዳደረ፤ በበረዶ ላይ ውሾች በሚስቡት መንሸራተቻም ተሰልፎ 16ቱን ተወዳዳሪዎች ቀደመ።