ንጣፍን ከቦታው ጋር ማንበብ፦ ከኮምቦልቻ ማኮብኮቢያ እስከ አምባሰል ግርጌ

ከደሴ ተነስቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ የሐይቅ ከተማን የሚያቋርጠው፣ ከዚያም በአምባሰል ወረዳ ማዕከል በውጫሌ አድርጎ ወደ መርሳና ወልድያ የሚዘልቀው የአስፋልት መንገድ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ጋር ለማገናኘት የተሠራውን መስመር በአብዛኛው ተከትሎ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ አንድ ጉድጓድ በአስፋልት ተሞልቶ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቦታ ተመልሶ ቢከፈት፣ ጥያቄው የጉድጓዱ ስፋት ምን ያህል ነው የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ከሥሩ ያለው አፈር ምን ዓይነት ነው፣ ከበላዩ ያለው ቁልቁለት ውሃውን ወዴት ይልካል፣ ቅርብ ያለው የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦስ ክፍት ነው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አብረው መነሣት አለባቸው። እነዚህን በአንድነት ለመመለስ የሚያስችለው ጂኦስፓሻል መረጃ፣ ማለትም ስለ አንድ ነገር ሁኔታ የተመዘገበ ቃል ወይም ቁጥር ነገሩ በምድር ላይ ከሚገኝበት ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ ጋር ተቆራኝቶ የሚቀመጥበት መረጃ ነው።

አሠራሩ ጎልቶ የሚታየው በአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ደሴንና ኮምቦልቻን በሚያገለግለው የኮምቦልቻ ማረፊያ የሚያርፉት የኪው-400 አውሮፕላኖች ሙሉ ክብደታቸው 30 ቶን ገደማ ሲሆን፣ ይህ ሸክም በጥቂት ጎማዎች አማካይነት በማኮብኮቢያው መካከለኛ መስመር ዙሪያ ደጋግሞ ያርፋል፤ ከተሰነጠቀ ንጣፍ የተፈለቀቀች አንዲት ጠጠር ደግሞ የአውሮፕላኑን ተሽከርካሪ ክንፍ ልትጎዳ ትችላለች። ለዚህ ዓይነቱ ንጣፍ የአሜሪካ ጦር የምሕንድስና ክፍል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ፒሲአይ የተባለ የንጣፍ ሁኔታ መለኪያ በብዙ አገሮች ያገለግላል። ማኮብኮቢያው፣ የአውሮፕላን ማቆሚያውና ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ እንደ አሠራራቸውና እንደ ዕድሜያቸው በክፍል ይለያሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል እንደገና አስፋልት ሲሆን 450 ካሬ ሜትር አካባቢ ወደሆኑ የናሙና ቁራሾች ይከፈላል፤ መርማሪውም የስንጥቁን፣ የመስመጡንና የመፈልቀቁን ዓይነት፣ መጠንና ክብደት መዝግቦ ለቁራሹ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ያሰላለታል። ነጥቡ ብቻውን ብዙም አይናገርም። በካርታ ላይ ሲሰፍርና በየጥቂት ዓመቱ በዚያው ቁራሽ ላይ ሲደገም ግን፣ የትኛው ክፍል በምን ፍጥነት እያረጀ እንደሆነና ጥገናው ገና በቀላል ወጪ ሊሠራ የሚችልበት ጊዜ መቼ እንደሆነ ያሳያል።

የአገር አቋራጭ መንገድ ከማረፊያው የሚለየው በርዝመቱ ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከንጣፉ ውጪ የሚጀምር በመሆኑም ነው። በሐይቅና በአምባሰል ምድር ገደላማ ተራራና የደለል ሜዳ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የሐይቅ ሐይቅ ራሱ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የሌለው ተፋሰስ ውስጥ ነው። በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ማቋረጡ የማይቀር ስለሆነ፣ የተደፈነ ቱቦ ወይም በናዳ የተሞላ ቦይ ባለበት ቦታ ውሃው ወደ መንገዱ መሠረት ይሰርጋል፤ መረሬ አፈር ካለም በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ንጣፉን ከሥር ያናውጠዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በተሰበሰበውና በየ30 ሜትሩ ከፍታን በሚያሳየው መረጃ የውሃውን መውረጃ መስመሮች ማውጣት ይቻላል፤ የአፈሩ ካርታ፣ የቱቦዎቹ መገኛና የንጣፉ ነጥብ በላዩ ሲደረቡ፣ ምክንያቱ ከቁስሉ አጠገብ ተቀምጦ ይታያል። የመሙያ አስፋልት መግዣው ገንዘብ ለቦይ ጠረጋ ቢውል ይሻል እንደሆነ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ቦታን መመዝገብ ከሚመስለው በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ በነበረችው በአዲንዳን ስም በሚጠራው የልኬት መነሻ የተሠሩ ሲሆን፣ የእጅ ስልክና የጂፒኤስ መሣሪያ የሚሰጡት ቁጥር ግን በ1984 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሥርዓት የተሰላ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአገራችን ከመቶ ሜትር በላይ ነው። በአንዱ የተለካ ድልድይ በሌላው ካርታ ላይ ሳይለወጥ ከተቀመጠ፣ በአምባሰል ግርጌ ያን ያህል መሳት ከመንገዱ ወጥቶ ገደል ላይ መስፈር ይሆናል። በኪሎ ሜትር ምልክት ብቻ የሚመዘገብ ጉዳትም፣ አንድ ጠመዝማዛ ቦታ ተስተካክሎ መንገዱ ባጠረ ጊዜ ከእውነተኛ ቦታው ይለያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምዝገባ የተለካበትን ሥርዓትና ቀን አብሮ ሊይዝ ይገባል።

ሳተላይት ለዚህ ሁሉ ምትክ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ያነሣችው ምስል በአንድ ነጥብ 13.7 ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ የእርሻና የተፋሰስ ለውጥን እንጂ የአስፋልት ስንጥቅን አያሳይም፤ ስንጥቁን የሚይዘው በመኪና ላይ የተገጠመ ካሜራ፣ ድሮን ወይም በእግሩ የሚመረምር ባለሙያ ነው። በአንጻሩ የአውሮፓው ሴንቲኔል-1 የራዳር ምስሎች በተለያዩ ቀናት ተወስደው ሲነጻጸሩ፣ የመሬትን ዝግ ያለ ንቅናቄ በሴንቲ ሜትር ደረጃ ሊለዩ ስለሚችሉ፣ ዕፅዋት ባልሸፈነው ተዳፋት ላይ፣ የመሬት መንሸራተት በሚያሰጋቸው የደሴና የአካባቢዋ ቁልቁለቶች ከመንገዱ በላይ ያለው አፈር መንቀሳቀስ መጀመሩን ናዳው መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት ሊጠቁሙ ይችላሉ።