እምቢ የማይል ስሕተት



ፓይተን የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ 3ኛ እትም የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። የ2ኛው ድጋፍ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ አበቃ። ሆኖም በአሮጌው የተጻፉ ስንትና ስንት ጠቃሚ ፕሮግራሞች ዛሬም በየቦታው ተቀምጠዋል። እኛም ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን አንዱን በአዲሱ ፓይተን ለማሠራት ሞከርን። ይኸውም በባሕረ ሐሳብ ደንብ እንቁጣጣሽ የሚውልበትን ዕለት የሚያሰላ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ቀላል ነበር። አሮጌው ቋንቋ ፕሪንት የሚለውን ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ይቀበላል፤ አዲሱ አይቀበልም። ኮምፒውተሩ መስመሩን ጠቅሶ እምቢ አለን፤ ቅንፉን ጨመርንና አለፈ። አደገኛው ግን እምቢ የማይለው ስሕተት ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ዓመተ ዓለሙን ማግኘት፤ ያንን ለ4 አካፍሎ ትራፊውን መተው፤ ድርሻውን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሮ ለ7 መግደፍ። 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 7517 ለ4 ሲካፈል 1879 ይደርሳል፤ ድምሩ 9396 ነው፤ ለ7 ሲገደፍ 2 ይተርፋል። በእርግጥም ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

አሮጌው ፓይተን ሙሉ ቁጥሮችን በ / ምልክት ሲያካፍል ትራፊውን ይጥላል። አዲሱ ግን 1879.25 ይላል፤ በመጨረሻም 2.25 ይተርፋል። ይህ ከ1 እስከ 6 ካሉት ከአንዱም ጋር ስለማይገጥም፣ ፕሮግራሙ «ካልሆነ ሰኞ» ወደሚለው መስመር ወርዶ ሰኞ አለን፤ ያውም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ! ከፓይተን ጋር ይቀርብ የነበረው ለዋጭ መሣሪያም ቅንፉን እንጂ ማካፈሉን አያርምም። መድኃኒቱ በ / ፈንታ // መጻፍ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ በ2016 ብቻ ፈትነን ቢሆን ኖሮ ነገሩን አንደርስበትም ነበር። 7516 ለ4 ያለ ትራፊ ስለሚካፈል መልሱ ትክክል ይወጣል። ስለሆነም ዘመነ ማቴዎስን፣ ማርቆስን፣ ሉቃስንና ዮሐንስን በየተራ መፈተን ግድ ነው።

አሮጌ ፕሮግራም ያላችሁ ሁሉ፣ ከመንካታችሁ በፊት የጥቂት ዓመታትን መልስ በእጅ አስልታችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። አንድ ጥያቄ የመለሰ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱ ገብቶታል እንደማንል፣ ፕሮግራምም አንድ ጊዜ ስለሠራ ድኗል አንበል።