ማዑን፦ ለጎረቤት የሚዋስ ድስት

ከደምበል እስከ ካዛንቺስ ባለው ሰፈር ያደግን ሰዎች የጎረቤትን ድስት ከራሳችን ለይተን አናውቅም ነበር። ሙቀጫውና ወንፊቱ በየቤቱ ይዞራል፤ ለዒድ የተጋገረው ዳቦ አጥር ይሻገራል፤ ሐዘን ሲሆን የእድሩ ድንኳን ይተከላል።

በ2017 ዓ.ም. ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲዛወሩ ይህ ጉርብትና ተበተነ። ዛሬ ስንቶቻችን የፊት ለፊት ጎረቤታችንን ስም እናውቃለን?

ውድ አንባቢያን! ሱረቱል ማዑን ስለ የቲምና ስለ ሶላት ተናግሮ የሚያበቃው የዕቃ ውሰት የሚከለክሉትን በመውቀስ ነው። ሙፈሲሮች ድስትን፣ ባልዲንና መጥረቢያን በምሳሌነት ጠቅሰዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘር ወጣቸው ላይ ውሃ ጨምረው ጎረቤት እንዲያቋድሱ መክረዋቸዋል።

ታዲያ ሰፈሩ ቢፈርስ ማዑን ይፈርሳልን? ዛሬ ማታ ልጃችንን ሳህን አስይዘን ወደ ጎረቤት እንላከው። ስማቸውንም ጠይቆ ይምጣ።