«ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው?»

አዲስ አልበም በወጣ ሳምንት በየቤቱ የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው። ልጆች «ይመቻል» ይላሉ። አባት «ጩኸት ነው» ይላል። አያት ደግሞ «ዘፈንስ ድሮ ቀረ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ልጁም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል። የአባት ፍርድ ምናልባት ልክ ይሆናል። አንዳንዱ አዲስ ሥራ በእርግጥም ጩኸት ነው። ግን የትኛው ዘፈን ላይ? ዜማው ነው የሰለቸው፣ ግጥሙ ነው የላላው፣ ወይስ ቅንብሩ ነው ድምፃዊውን የዋጠው? ይህን የማይናገር ፍርድ ልጁን የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለሚወደው ነገር እቤት ውስጥ አለማውራት እንደሚሻል።

በካሴት ዘመን ያደገ ወላጅ እንዲህ ላለው ወግ እንግዳ አይደለም። አዲስ ካሴት ሲገዛ ሽፋኑን አገላብጦ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ያጀበው ባንድ የትኛው እንደሆነ ያነብ ነበር። የግጥም ደራሲው ይልማ ገብረአብ፣ የዜማ ደራሲው አበበ መለሰ፣ አጃቢው ሮሃ ባንድ ለአድማጩ እንደ ድምፃውያኑ የታወቁ ስሞች ነበሩ። «ድምፁስ ድምፅ ነው፣ ግጥሙ ግን ከባለፈው ያንሳል» የሚል ሙግት በየሻይ ቤቱ ይነሳል። ዛሬ ልጆች ዘፈኑን የሚያገኙት ከስልክ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከአልበሙ ተነጥሎ፣ አንዱን ብቻ። የአቀናባሪው ስም ቢጻፍ እንኳ ከቪዲዮው ሥር ታች ወርዶ ነውና ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ያን የቀድሞ ሙግት የሚያውቁት ወላጆችና አያቶች ዝም ካሉ ልጆቹ ከማን ይማሩታል?

ደግሞም «ድሮ» የምንለው በጊዜው አዲስ ነበር። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች እ.ኤ.አ. በ1924 አዲስ አበባ ሲገቡ፣ የነሐስ መሣሪያ የማንም አያት ሙዚቃ አልነበረም። በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በኩል ከትዝታና ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ተዋሐደ። አንጋፋው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ተጫወቱት። አሁን «የእኛ ንጹሕ ሙዚቃ» ብለን የምንቆረቆርለት ይኸው ቅልቅል ነው። ጌታቸው ራሳቸው ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ በ2006፣ «ዘ ኤክስ» ከተባለ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘ አልበም አውጥተዋል። ፓንክ ጊታሩ የሚጮህ፣ ከበሮው የሚጣደፍ፣ ብዙ አያት በር ዘግቶ የሚሸሸው ዓይነት ሙዚቃ ነው። አልበሙን ያደመጠ ግን ፉከራና ፓንክ በቁጣቸው ዘመዳሞች እንደሆኑ ወዲያው ይሰማዋል።

በአዲስ አልበም ላይ የሚሰጥ አስተያየት እንዴት እንደሚለያይ ለማየት የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም። በ2001 የወጣውንና በስሟ የተሰየመውን አልበም ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ታላላቆች ተጫውተውበታል። የውጭ ሃያሲያን አደነቁት። አገር ቤት ግን ቅልቅሉ ከረር ያለ ክርክር አስነሳ፤ ባህሉን በባዕድ ድምፅ ሸፈነችው የሚሉ ነበሩ።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። አማርኛ የማያውቀው ሃያሲ የጂጂን ድምፅ የሚሰማው እንደ አንድ መሣሪያ ነው፤ የቃሉን ክብደት ሳይቀምስ ነው የሚያጨበጭበው። የአገር ቤቱ አድማጭ በበኩሉ ቃሉን ፍለጋ ሲያደምጥ ቤዙና የኤሌክትሮኒክሱ ጭጋግ ይጋረጥበታል። በዚህ ጸሐፊ ጆሮ አልበሙ ከፍ የሚለው ቅንብሩ ለድምፅዋ ቦታ ሲለቅ ነው። «ዓባይ» እና «ዓድዋ» እንዲህ ያሉ ናቸው፤ እንግዶቹ ተጫዋቾች የሚናገረውን ሰው ያዳምጣሉ። ሌላ ቦታ ላይ ግን እንግዶቹ ይበዙና ባለቤቷ በራስዋ ቤት ጥግ ይዛ የተቀመጠች ትመስላለች። ያም ሆኖ ዘመን የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር ያ «የፈረንጅ ቅልቅል» ተብሎ የተተቸው አልበም ውስጥ ያለው «ዓድዋ» በየቤቱና በየአደባባዩ ይከፈታል፤ ማንም ባዕድ ነው አይለውም።

የላስዌል እጅ በሌላም ሥራ ላይ አለ። በ2012 የወጣው የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የሮክ ጊታርን ከአገር ቤት ቅኝት ጋር ያጋጠመ አልበም ነው። በዚህኛው ላይ ከአባቶች ቅሬታ ጋር በከፊል እስማማለሁ። ባንዱ ኃይል አለው፤ ድምፃውያኑም ጉልበተኞች ናቸው። ነገር ግን ጊታሩና ድምፁ ሁለቱም እኩል ሲጮኹ ግጥሙ መሃል ላይ ይሞታል። ሮክ ጩኸት ስለሆነ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ጩኸት የሚያስደነግጠው ከዝምታ ቀጥሎ ሲመጣ ነው፣ «ኤርታሌ» ላይ ደግሞ ዝምታው ጥቂት ነው።

ስለ ቴዲ አፍሮ አልበሞች የሚነገረው ብዙ ነው፤ ስለ ሙዚቃቸው የሚነገረው ግን ትንሽ። ከ«ያስተሰርያል» ጀምሮ ዜማው እንዴት ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው ስለ ፖለቲካው ይመልሳል፤ ደጋፊውም ነቃፊውም ያው ነው። «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ በ2017 ወጥቶ በአሜሪካው የቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲሆን እንኳ ክርክሩ በታሪክና በባንዲራ ላይ ነበር። ሙዚቃውን ለብቻው ካየነው ግን የቴዲ ትልቁ ችሎታ አንድ ጊዜ የተሰማ ዜማ ከሦስት ዓመት ሕፃን እስከ ሰማንያ ዓመት አዛውንት አፍ ላይ እንዲቀመጥ ማድረጉ ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ቅንብሩ አስተማማኙን መንገድ ይመርጣል፣ አድማጩን የሚያስገርመው አልፎ አልፎ ነው።

የሮፍናን «ነፀብራቅ» በ2018 ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ከዲጄነት የመጣ ወጣት በኮምፒውተር በተሠራ የጭፈራ ሙዚቃ ውስጥ የአገር ቤትን ድምፅና ምት አስገባ። እዚህ ላይ አያቶች የሚሰለቹበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ስንኝና አዝማች እየጠበቁ ነው የሚያደምጡት፣ ይህ ሙዚቃ ግን በስንኝ አይሄድም። ምቱ ቀስ እያለ ይከማቻል፣ ይወጠራል፣ ከዚያ በአንዴ ይለቀቃል። የሠርግ ጭፈራ ላይ ከበሮው እየፈጠነ፣ ጭብጨባው እየጠነከረ ሄዶ እስክስታው የሚፈነዳበትን ጊዜ ያስታውሱ፤ ሥራው ያው ነው። በዚያ ሚዛን ሲለካ «ነፀብራቅ» ጠንካራ አልበም ነው። ሳሎን ተቀምጦ ለሚያደምጥ ሰው ግን አንዳንዱ ክፍል ይረዝማል፤ ይህን ለልጅዎ ቢነግሩት ምናልባት «ለመቀመጫ አልተሠራም እኮ» ይልዎታል፤ ተገቢ መልስ ነው።

ከፍርድ በፊት አንድ የማይወራ ነገር አለ፤ በምን እንደምንሰማ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ስለሆነ ዝቅተኛውን የቤዝ ድምፅ ማውጣት አይችልም። መሰንቆና የሰው ድምፅ በስልክ ቢሰሙም ብዙ አይጎዱም። በቤዝ ላይ የቆመ አዲስ ሙዚቃ ግን መሠረቱ ይቀርና ላዩ ብቻ ይንኳኳል፤ «ቆርቆሮ» የሚባለው ይኼ ነው። በተጨማሪ ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ እንደ «ሰ»፣ «ፈ» እና «ተ» ያሉ ፊደላት የሚለዩት ደግሞ በእነሱ ነው። ስለዚህ አያት «ምን እንደሚል አይሰማም» ሲሉ ግማሹ የአቀናባሪው ጥፋት፣ ግማሹ የዕድሜ ሊሆን ይችላል። ልጁ ይህን ቢያውቅ በአያቱ ላይ አይስቅም። ግጥሙን አንብብልኝ ቢሉትም ነውር የለበትም፤ ሲያነብ እሱ ራሱ ሰምቶት የማያውቀውን ስንኝ ማግኘቱ አይቀርም።

ክሊፑም ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ ወላጅ ዘፈኑን የሚጠላው በዓይኑ ነው፤ አለባበሱን አይቶ ዜማውን ይኮንናል። ልብሱ የሚያስቆጣ ከሆነ ስለ ልብሱ በግልጽ ይነገር፤ ሙዚቃው ግን ማያው ተገልብጦ አንዴ በጆሮ ብቻ ይደመጥ።

በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ ለመሞከር የሚፈልግ ካለ፣ ከየትኛው ቢጀመር ይሻላል ቢሉኝ ከቴዲው «ኢትዮጵያ» ላይ «ማር እስከ ጧፍ»ን እመርጣለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መሠረት ያደረገ ዘፈን ነው። ልጆቹ ዜማውን በቃላቸው ያውቁታል፤ መጽሐፉን ያነበቡት ግን ጥቂት ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሥራ አቁመው ያደመጡ አያት እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይሆናል። ዘፈኑ ሲያልቅ በዛብህና ሰብለ ወንጌል እነማን ናቸው የሚል ልጅ ከመጣ፣ መልሱን ለመጨረስ አንድ ምሽት አይበቃቸውም።